የሰማንያው ሳንቲም

በሩ አለመቆለፉን ያስተዋልኩት አውራ ጎዳናው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር፤ በአንዱ ምስርና ጎመን፣ በአንዱ እንጀራ። ፍልሰታ ነው። ልጄ ኢዛና ሲጾም ውሎ ማታ ከሚሠራበት ኤርፖርት ማሽን የድንች ጥብስ ገዝቶ በልቶ እንዳይተኛ፣ ከሥራ ስወጣ ኧርቪንግ ድረስ እነዳና እሱ በሌለበት ምግቡን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬለት እመለሳለሁ። ያን ቀንም በሩን በክርኔ ገፋሁት፤ ተከፈተ፤ ገባሁ። ስወጣ ስቤ ዘጋሁትና ወደ ቤቴ ወደ ሌክ ሃይላንድስ ጉዞ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ አረጋውያን ሳነሳና ሳስተኛ ስለዋልኩ ወገቤን ከማዳመጥ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ኤልቢጄ አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት እጄ የኢዛናን ቁልፎች ነካ። እዚያው የጎን ኪስ ውስጥ ናቸው፤ ዚፑም እንደተዘጋ ነው። አላወጣኋቸውም ነበር።

የኢዛና በር በክርን የሚከፈት በር አይደለም። ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ የእጀታው፣ አንዱ ከላይ ያለው መቀርቀሪያ፣ ሦስተኛው ደግሞ አከራዮቹን ለምኖ ያስገጠመው። ቤቱ ውስጥ ከአባቱ ጋር ከልጅነቱ ጀምሮ የሰበሰባቸው የድሮ የእንግሊዝ ሳንቲሞች አሉ። ቆሻሻ ሊጥል ደረጃ ሲወርድ እንኳ ሦስቱንም ቆልፎ ነው የሚወርደው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሌባ የሚፈልገው አንድ ቀን ብቻ ነው እያልኩ ነው ያሳደግሁት።

ደወልኩለት፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ከዚያ ማኪኒ የምትኖረው እህቱ ዜማ ጋ ደወልኩ። ዜማ እኔ በማይደወልበት ሰዓት ስደውል ሰላም አትለኝም።

«እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቀበርሽ?» አለች።

ነገርኳት። ሥራ ረፍዶበት ሲሮጥ ረስቶት ይሆናል አለች። እሷ ራሷ ባለፈው ሳምንት ጋራዧን ከፍታ እንዳደረች፣ የገባ ሌባ ቢኖር ኖሮ ዕቃው ዝርክርክ ብሎ ሲያይ አዝኖ አስተካክሎላት ይሄድ እንደነበር ነገረችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቢያንስ እቆጣት ነበር። ስልኩን ዘግቼ በሚቀጥለው መውጫ ወጣሁና ዞርኩ።

እንደደረስኩ በሩ ፊት ቆሜ ጮክ አድርጌ አንኳኳሁ። ሌባ ካለ በሌላ በኩል ይውጣ ብዬ ነው፤ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ረስቼ። ከዚያ ገፋሁት። ቴሌቪዥኑ አለ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አለ። አልጋው ተነጥፏል። የልብስ ቁም ሣጥኑን ስከፍት ያ የሳንቲሞቹ ግራጫ ባለመሳቢያ የብረት ሣጥን ቦታው ላይ ነው፤ የተሰበረ ነገርም የለበትም። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ የላይኛውን መሳቢያ ሳብኩት።

ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ፣ ሦስተኛውም። እስከ ታች ድረስ ሁሉም ባዶ ናቸው። ከሥር የተነጠፈው አረንጓዴ ጨርቅ ተጠርጎ፣ የብረቱ ጠርዝ ተወልውሏል።

ሌባ አይወለውልም። ይህን ሳስብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ልጄ ራሱ ነው ያነሳቸው። ከዚያ ነው አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጥኩት።

በሰኔ መሥሪያ ቤታችን ትሬኒንግ ሰጥቶን ነበር። ከሺፍት በኋላ ስለነበር ግማሹን በእንቅልፍ ነው ያሳለፍኩት። አሠልጣኟ ስለምንጦራቸው አረጋውያን ነበር የምታወራው። አንድ ሰው የሚወደውን ነገር ማደል ከጀመረ፣ ዕቃውን መልክ መልክ ካስያዘ፣ ሲከፋው ቆይቶ ድንገት ረጋ ካለ፣ ልብ በሉት አለች። በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም አለች። አጠገቤ የተቀመጠችው እታለማሁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ይሄማ ትሬኒንግ ሳይሆን ሟርት ነው አለችኝና ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን።

እሑድ ዕለት ኢዛና ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነበር። አባቱ ከሞተ ወዲህ ፊቱ እንደዚያ ረግቶ አላየሁትም። ጉልበቴን ሳመኝ። ከቅዳሴ በኋላ የመኪናዬን ጎማ አየር ሞላልኝ፤ ዘይቱን አየልኝ፤ ሌላ የምፈልገው ነገር ካለ ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ወደ ቤቴ የሄድኩት። ለጎረቤቴም አውርቻለሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ስፈራ ነው የኖርኩት። መኪና ፈርቻለሁ፤ ካንሰር ፈርቻለሁ፤ ከሥራ መባረር፣ የመንገድ ላይ ተኩስ፣ የጋዝ ምድጃ፣ አውሎ ነፋስ ፈርቻለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን ፈርቼው አላውቅም።

ሳሎን ገብቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና ጠበቅሁት።

ሳንቲሙን ቤታችን ያመጣው አባቱ ነው። ባለቤቴ ክፍሉ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ላለ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር። አንድ እንግሊዛዊ አብራሪ ሻንጣውን ሲያወርድለት ከጉርሻው ጋር አንድ ትልቅ የመዳብ ፔኒ ሰጠው። ላዩ ላይ ያለችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት፤ ከእጅ ብዛት ፊቷ ተፍቆ አፍንጫዋ ብቻ ቀርቷል። ኢዛና ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ዲቪ ደርሶን ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያናግረው ልጅ የለውም። አባትና ልጅ ያቺን ፔኒ ይዘው ቤተ መጻሕፍት ሄዱ፤ ሲመለሱ ስለ እንግሊዝ ነገሥታት ያወሩ ነበር። ከዚያ በኋላ በወር አንድ ቅዳሜ ፎርት ወርዝ፣ ሽማግሌ ሰብሳቢዎች የሚገናኙበት አንድ አዳራሽ መሄድ ልማድ ሆነ። ክፍሉ የሌሊት ሥራ ሠርቶ ሳይተኛ ይሄድ ነበር።

እኔ ሳንቲሞቹን የማውቃቸው አቧራ ስጠርግ ነው። ጠርዙ እንደ ጎማ የወፈረ የሦስተኛው ጆርጅ ፔኒ አለ፤ ቢወረወር ሰው ይገድላል። እንደ ጥፍር የሳሳ የኤድዋርድ የብር ሳንቲም አለ፤ ብሩን ለመስረቅ የጥንት ሰዎች ጠርዙን በመቀስ ከርክመውታል። ክፍሉ ያን ሲያሳየኝ፣ ይኸው ሌባ ያኔም ነበር አልኩት። እሱ ደግሞ ሚስቴ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ስለተሰረቀ ብር እንቅልፍ አጣች እያለ ለጓደኞቹ ሁሉ አወራብኝ።

እኔም አንድ ሳንቲም ገዝቼለታለሁ። ሰብሳቢዎች ለልደት የተወለዱበትን ዓመት ሳንቲም ይሰጣሉ ሲባል ሰምቼ፣ አሥራ ስምንት ሲሞላው የእሑድ ገበያ ሄጄ ድንኳን ለድንኳን ፈለግሁ። ኢዛና የሰማንያ ልጅ ነው፤ ግንቦት ሰማንያ። አንዱ ሻጭ ጋ 1980 የሚል ትልቅ ነጭ ሳንቲም አገኘሁ። ላዩ ላይ ያለችው ሴት የንግሥቲቱ እናት ናት አለኝ። ዓመቱም ልክ፣ ሥዕሉም የእናት፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ ብዬ ሳልከራከር ገዛሁ። ኢዛና ዓመቱን አንብቦ አቀፈኝ። ክፍሉ ተቀብሎ አገላብጦ አያትና ሳል ያዘው፤ እያሳለ ወደ መኪናው ወጣ።

ተነሥቼ መሳቢያዎቹን እንደገና አንድ በአንድ ከፈትኩ። እሷም የለችም። የእኔንም ሰጥቷል ማለት ነው አልኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጣ። እሱም በሩን ያለ ቁልፍ ገፍቶ ነው የገባው። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፤ ባጁ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሶፋው ላይ ሲያየኝ ቆመ።

«ምነው እማዬ? ማን ሞተ?» አለኝ።

የቤታችን ቀልድ ነው። መጀመሪያ እጅህን ታጠብ፣ ብላ አልኩት። ምግቡን አሙቄ አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ሲጎርስ አየሁት። በደንብ በላ። ይህም አላረጋጋኝም። ስለ በሩ ጠየቅሁት። ከቅዳሜ ጀምሮ ሆን ብሎ እንደማይቆልፈው፣ እንዴት እንደሚሰማው ለማየት እንደሆነ፣ ቴሌቪዥኑን የሚወስድ ሌባ ቢመጣ ደረጃውን ሲወርድ ራሱ እንደሚያግዘው ነገረኝ።

«መሳቢያዎቹን አይቻለሁ» አልኩት።

«ኦኬ» አለ። እንጀራውን አስቀመጠ። «ልነግርሽ ነበር።»

ቅዳሜ ዕለት ሁሉንም በካርቶን አድርጎ ፎርት ወርዝ ወስዷቸዋል፤ ያው ከአባቱ ጋር ይሄዱበት የነበረው አዳራሽ። ከሽማግሌዎቹ የቀሩት ጥቂት ናቸው። በሩ አጠገብ የልጆች ጠረጴዛ አላቸው፤ የመጣ ልጅ ሁሉ አንድ ሳንቲም መርጦ ይወስዳል፤ በነጻ ነው። ኢዛናም ልጅ እያለ ከዚያ ጠረጴዛ ይመርጥ ነበር። ስብስቡን ሁሉ ለዚያ ጠረጴዛ ሰጠ። መጀመሪያ አንቀበልም ብለውታል፤ ቤትህ ሂድና አስብበት ብለውታል። አስቤበታለሁ አላቸው። እሱ እዚያው እያለ አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ ያን በመቀስ የተከረከመውን መረጠች አለኝ፤ ይህን ሲነግረኝ ፈገግ ብሎ ነበር።

የሚሸጥ ሰው ሊገዛው ያሰበው ነገር ይኖረዋል። የሚሰጥ ሰው ነው ያስፈራኝ።

ሌላ ሌላውን ጠየቅሁት። ሥራ ላይ ችግር አለ? የለም። ሐኪም የነገረህ ነገር አለ? የለም። ሴት ናት? ሳቀና ብትሆን ኖሮ ለሷ እሰጣቸው ነበር አለ። ከዚያ የምጠይቀው አለቀብኝ። የቀረችው ያቺ አንዲት ጥያቄ ናት። ክፉን ነገር በስሙ መጥራት እንዲመጣ መጋበዝ ነው ብለው ነው ያሳደጉን። እናቴ የበሽታ ስም እንኳ አትጠራም ነበር። ሳህኑን አንሥቼ ማጠቢያው ጋ ሄድኩና ውሃውን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ጀርባዬን እንደሰጠሁት ቆየሁ።

«ኢዛና፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» አልኩት።

አውሮፕላን በጣራው ላይ እያለፈ ነበር፤ እዚያ ሠፈር ሰው አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ንግግሩን ያቆማል። እሱም የጠበቀው ያንን ይሁን ሌላ አላውቅም። እኔ የማጠቢያውን ጠርዝ ይዤ ነበር።

«አሁን አይደለም» አለ።

ዞርኩ። ወንበር ስቦልኝ ተቀመጥኩ።

«ማለቴ፣ አሁን የለም። እውነቴን ነው። ግን አልዋሽሽም፤ ባለፈው ብርድ ጊዜ አንድ ሰሞን ነበር። ሥራ እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ፣ ሦስቱን ቆልፌ እቀመጣለሁ። ሶ፣ አንድ ቀን ራሴን ፈራሁት። ሐኪም ጋ ሄድኩ። አሁንም ሐሙስ ሐሙስ እሄዳለሁ።»

ሐሙስ ሐሙስ ኦቨርታይም ይሠራል ብዬ ነበር የማስበው። እንዳይደክም ብዬ ስልክ ሳልደውልለት የማሳልፈው ብቸኛ ቀን እሱ ነው።

«ሳንቲሞቹስ?» አልኩት።

«ሳንቲሞቹ የአባዬ ናቸው። እኔ የምወደው ከሱ ጋር መንዳቱን ነበር። ስንመለስ ዶናት ይገዛልኛል፤ ‹እናትህ ምሳውን አይበላም ብላ ትቆጣለች፣ እንዳትነግራት› ይለኛል። እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየኋቸውም። ግን እነሱ ስላሉ ሰው ቤቴ አልጋብዝም፣ ሁለት ቀን ወጥቼ አላድርም። ዘበኛ ሆንኩ። ደከመኝ እማዬ፤ ሌላ ነገር የለውም።»

አመንኩት። ማመን ሳልፈልግ አይደለም፤ ግን ያመንኩት ‹አሁን አይደለም› ስላለኝ ነው። በፍጹም አላሰብኩም ቢለኝ ኖሮ እስከ ዛሬም አላምነውም ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

ተነሣና መስኮቱ ጋ ሄደ። ከመኪናው ቁልፍ አጠገብ፣ ትርኪ ምርኪ ከሚጥልባት ትንሽ ሳህን ውስጥ አንድ ነገር አንሥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ትልቋ ነጭ ሳንቲም ናት። የንግሥቲቱ እናት።

«እሷን አልሰጠኋትም» አለ።

ዕንባዬ መጣ። «የተወለድክበት ዓመት ናት» አልኩት።

«እማዬ» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው። «እኔ የተወለድኩት ሰማንያ ስምንት ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሳንቲሟን አየሁ፤ እሱን አየሁ። በወረቀቶቹ ሁሉ ላይ 1988 እንደሚል አውቃለሁ፤ ቁጥሩን የማውቀው ግን እንደ ስልክ ቁጥር ነው። በሆዴ ውስጥ ያለው ሰማንያ ነው። የፈረንጅ ሳንቲም በእኛ አቆጣጠር ገዝቼ፣ ልጄ ከመወለዱ ስምንት ዓመት በፊት የተሠራች ሳንቲም በልደቱ ቀን ሰጥቼው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስኮራ ኖሬያለሁ።

«አባትህ አላየም?» አልኩት።

«መጀመሪያ ያየው እሱ ነው እንጂ። መኪናው ውስጥ ገብቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ‹እንዳትነግራት፣ አንድ ሳምንት አትተኛም› አለኝ።»

ያ ሳል። ያን ጊዜ ብርድ መታው ብዬ ማታ ማር በሎሚ አፍልቼለታለሁ፤ ጠጥቶልኛልም።

ልስቅ ፈለግሁ፤ የወጣው ሳቅ አልነበረም። ሁለቱም ወደውኝ እንደዋሹኝ አውቃለሁ። ግን ለካስ ለዶናቱም፣ ለሳንቲሟም፣ ለዚያ ለብርዱ ሰሞንም፣ ለትንሹም ለትልቁም፣ በዚህ ቤት የማይነገረኝ ሰው እኔ ነበርኩ። ትደነግጣለች፣ አትተኛም እየተባለ። ያልፈራሁት ነገር በሬን ሲያንኳኳ እኔ በሌላ መስኮት ስመለከት ነበር።

«ስማኝ» አልኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ይነገረኝ። አልተኛም፤ ባልተኛስ? ድሮስ መቼ ተኝቼ አውቃለሁ?»

አየኝ። ከዚያ ከልቡ ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ።

«እሺ እማዬ» አለ።

«ሐሙስ ስትመለስ ትደውልልኛለህ።»

«እደውላለሁ።»

«ብርዱ ሲመጣም።»

«ሲመጣም።»

ይደውል አይደውል ሐሙስ ሲደርስ እናያለን። ብርዱ ገና ነው፤ ከአሁኑ ግን እያየሁት ነው።

ዜማ ደወለች። ማንን ቀበርሽ አለችኝ። ማንንም፤ ወንድምሽ ምስር በልቶ ሳህን እያጠበ ነው አልኳት። ሁለተኛ ቃል አልጨመርኩም። ሌላውን ሲፈልግ ራሱ ይንገራት። ነገር ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ጋራዥሽን ዝጊ አልኳት።

መንዳት አልቻልኩም፤ እሱም እንዳትሄጂ አለኝ። ሶፋው ላይ አንሶላ አነጠፈልኝ፤ የራሱን ትራስ አምጥቶ ሰጠኝ። ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ አብጦ ነበር። ሳንቲሟን ወደ ሳህኗ መለሳት፤ ከቁልፎቹ አጠገብ ስትወድቅ ድምፅዋን ሰማሁ። ከባድ ድምፅ አይደለም፤ ውድ ሳንቲም እንዳልሆነች ክፍሉ ያኔም ያውቅ ነበር፤ አሁን እኔም አውቄያለሁ።

መብራቱን ሊያጠፋ ሲል በሩ ጋ ቆመ። ስለ እኔ ብሎ ሦስቱንም ሊቆልፍ እንደሆነ ገባኝ። እጁ መጀመሪያ ወደዚያ ለምኖ ወዳስገጠመው ወደ ሦስተኛው ሄደ።

«ተወው» አልኩት። «የላዩ ይበቃል።»

እየቀለድኩ እንደሆነ ሊያይ ዞር አለ። እየቀለድኩ አልነበረም፤ ልቤም አልረጋም። እጁን ከዚያኛው አነሣና የላዩን መቀርቀሪያ አዞረው፤ በሩ ተቆለፈ።